ከደንገጎ ሥር በእግር፦ ልጆች ይዞ ወደ ለምለም ሸለቆ ለመውጣት

ድሬዳዋ የሚያድግ ልጅ ወንዝ ሲባል የሚያውቀው አሸዋ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርማል። ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ታላቁ ልጄ ስድስት ዓመቱ ላይ «አባዬ፣ ወንዙ ውስጥ ውሃ የሌለው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከመንገር ማሳየት ይሻላል ብዬ ወደ ላይ ይዤው ወጣሁ።

ወደ ላይ ስል ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የደንገጎ ተራራ ማለቴ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በመሀል ያለው ቁልቁለት በብዙ ሸለቆ የተሰነጣጠቀ ነው። ከከተማ ሲያዩት ደረቅ ቡናማ ተራራ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ከድንጋይ ሥር ምንጭ የሚፈልቅባቸው፣ ማንጎና ፓፓያ የተተከለባቸው፣ ትልልቅ ሾላ የሚያጠላባቸው ቦታዎች አሉ። ከከተማው ሙቀት ወጥታችሁ እዚያ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ላባችሁ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ይህን የምጽፈው ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ተራራ መውጣት የለበትም። የባለቤቴ እናት ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ አብረውን ሄደዋል፤ አንድም ቀን «ደከመኝ» አላሉም።

የእኛን ሸለቆ ስም እዚህ አልጽፍም። ምንጩን ሰው ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣዋል። በአንድ እሑድ ሃምሳ ሰው ቢወርድበት ይደፈርሳል። በምትኩ የራሳችሁን እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ።

1. ቀኑን መምረጥ

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ጥሩው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም፣ ምንጩ ሙሉ ነው። ታኅሣሥና ጥርም ደስ ይላሉ፤ ጠዋት ላይ ብርድ ስለሚኖር ለልጆች ሹራብ ያዙ። ግንቦትና ሰኔ ድሬ ትጋገራለች፤ ሸለቆው ውስጥ ጥላ ቢኖርም እስክትደርሱ ድረስ ያለው መንገድ ልጅ ያደክማል። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ጊዜ ነው። ያኔ ሸለቆው ከየትኛውም ጊዜ በላይ ያምራል። ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ልጅ ይዛችሁ ጨርሶ አትግቡ።

ምክንያቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን አጣ። አብዛኛው ሰው ተኝቶ ነበር። ያን ጎርፍ ያመጣው ላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ነው። እነዚህ ሸለቆዎች እንደ አሸንዳ ናቸው። ላይ ጣሪያው ላይ የወረደውን ሁሉ ሰብስበው በአንድ መስመር ይለቁታል። ጣሪያው በጣም ሰፊ ነው፤ አሸንዳው ጠባብ ነው። እናንተ የምትሄዱት አሸንዳው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ራሳችሁ በላይ ያለው ሰማይ መጥራቱ ምንም አይነግራችሁም። ማየት ያለባችሁ የደንገጎን ሰማይ ነው። ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተከምሮ መብረቅ ብልጭ ካለ የነገው ጉዞ ይቅር። ሁለተኛ፣ ጠዋት መናኸሪያ ጎራ በሉና ከሐረር ወይም ከሐሮማያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። «ላይ ዘንቧል እንዴ?» በቃ፣ ሌላ አያስፈልግም። እሱ አሁን በዚያ በኩል አልፎ ነው የመጣው። ከየትኛውም የስልክ ትንበያ እሱን አምናለሁ።

2. ሸለቆውን መምረጥ

ስትመርጡ ለብቻችሁ ወይም ከአንድ ጎልማሳ ጋር ቀድማችሁ ሂዱ። ልጆቹን ይዛችሁ የማታውቁት ቦታ አትግቡ።

የምትፈልጉት ወለሉ ሰፊ የሆነ ሸለቆ ነው። ቢያንስ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ይሁን። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። እየሄዳችሁ በየአሥር ደቂቃው ቆም በሉና «አሁን ውሃ ቢመጣ ልጅ አዝዬ በየት እወጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያጣችሁበት ቦታ የጉዞው መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን አትውሰዱ።

ርቀቱ ደርሶ መልስ አራት ኪሎ ሜትር ይበቃል። የአምስት ዓመት ልጅ ድንጋያማ መንገድ ላይ በሰዓት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ብላችሁ አታስቡ። የአዋቂ እርምጃ ለክታችሁ ከወጣችሁ መመለሻው ላይ እሱን ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት።

ከምንጭ በተጨማሪ ታሪክ ማየት ለሚወዱ ልጆች ሌላም ምርጫ አለ። ከከተማው በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው ለሳይንስ ዓለም የታወቀው። በውስጡ ብዙ ቀይ የአፈር ቀለምና የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ቀለሙ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙበት ነው። አወጣጡ ግን ዳገት ነው፣ ጥላም የለውም። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም። መሄድ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ፣ አስጎብኚም ያዙ።

3. የአካባቢውን ሰው ማስፈቀድ

እነዚህ ሸለቆዎች ባዶ አይደሉም። ማንጎው የሰው ነው። የሣሩም ባለቤት አለው። መንገዱ ራሱ ብዙ ጊዜ በሰው እርሻ ጠርዝ ያልፋል።

ሸለቆው አፍ ላይ የምታገኙትን ትልቅ ሰው ቁሙና ሰላም በሉ። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነውና «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላችሁ ጀምሩ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ካወቃችሁ እሰየው። ካላወቃችሁም በአማርኛ ተረጋግታችሁ ተናገሩ። ከየት እንደመጣችሁ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ። እኛ «አባባ፣ ልጆቹን ምንጩን ልናሳያቸው ነው፣ ከቀትር በፊት እንመለሳለን» ነው የምንለው። ያ ሰው ሁለት ነገር ይሆንላችኋል። ያስገባችኋል። ካልተመለሳችሁም የሚፈልጋችሁ እሱ ነው።

ከዚያ የሰፈሩን አንድ ወጣት አብሮን ይሂድ ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋውን ሳትነሱ ተስማሙ፣ ስትመለሱ በእጁ ስጡት። መንገዱን ብታውቁትም ይዛችሁት ሂዱ። ዛሬ ጠዋት ውሃው እንዴት እንዳደረ የሚያውቀው እሱ ነው።

4. የሚያዝ ነገር

ውሃ ለአንድ አዋቂ ሁለት ሊትር፣ ለልጅ አንድ ሊትር። ሃይላንዱን ግማሹን ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ ጠዋት እየቀለጠ ይጠጣል። ሁለት ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ) ያዙ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፤ «ጠንከር ይበል» ብላችሁ ውሃ አትቀንሱ። ሙቀት የመታው ልጅ በመጀመሪያ ዝም ይላል። ጨዋታ ትቶ ዝም ካለ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቴምር፣ ሙዝ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ጠዋት የተገዛ ፈጢራ። ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ በዚያ ሙቀት አትያዙ።

ጫማ የተሸፈነ ሸራ ጫማ ይሁን። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ በዚህ አካባቢ በዝቷል፤ እሾሁ የነጠላ ጫማ ሶል ወግቶ ያልፋል። ፊሽካ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በክር አንገቱ ላይ። ፕላስተር፣ ወረንጦ፣ ፋሻ። የወባ ትንኝ ማታ ትነክሳለች፤ ድሬ ላይ ግን በቀን የምትናከስም አለች። በ2011 መጨረሻ ከተማውን በሙሉ ያተኮሰውን ቺኩንጉንያ ያስተላለፈችው የቀኗ ናት። ስለዚህ የትንኝ ቅባቱን ጠዋት ቀቡ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ አልብሱ።

አሁን የምወደው ዕቃ ላይ ደረስኩ፤ ሽርጥ። አባወራው ቤት ውስጥ የሚያገለድመው ያው ሽርጥ ነው። ሁለት ያዙ። ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ሲታሰር ጥላ ይሆናል። መሬት ላይ ሲነጠፍ ማዕድ ነው። ውሃ የነካው ልጅ ይደርቅበታል። ነክራችሁ አንገቱ ላይ ስታደርጉለት ያቀዘቅዘዋል። ትንሿ ልጄ እግሯ ዝሎ አልሄድም ስትል በሽርጥ ጀርባዬ ላይ አዝያት ነው የምመለሰው። አንድ ቀን ወንድሜ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት የደገፍነውም በእሱ ነው። የሚመዝነው ግን ከአንድ ሃይላንድ ያንሳል።

5. የጠዋቱ ሰዓት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እግራችሁ መሬት ይርገጥ። 6 ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ጋ ተመለሱ። ይህ ከሙቀቱም ከዝናቡም ያድናችኋል፤ ተራራው ላይ ደመና የሚከመረው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው።

በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ የመመለሻውን ሰዓት ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ፣ ግማሽ ሒሳብ ብቻ ክፈሉ። በሐረር ሚኒባስ ወጥታችሁ መንገድ ላይ የምትወርዱ ከሆነ ልጆቹን ከፊት አስቀምጡ። የደንገጎ ጥምዝ ልጅ ያስመልሳል።

ከቤት ሳትወጡ ልጆቹን በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሷቸው። ልጅ ቢጠፋ «ምን ለብሷል?» ሲባል የደነገጠ ወላጅ አያስታውስም። ደማቅ ቀለም አልብሷቸው። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የት እንደሄዳችሁ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ።

6. ሸለቆው አፍ ላይ

ከመግባታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ቁሙ። ቁርስም እዚያው ብሉ። ያን ጊዜ ልጆቹን አንድ ነገር አሳዩአቸው።

ቀና ብላችሁ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ግራሮች እዩ። ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሣር ተጠምጥሞ ታያላችሁ። የተቀደደ ፌስታልም አለ። አንድ የጨርቅ ቁራጭ፣ አንድ የተሰበረ ቀርከሃ። ከእኔ ቁመት በላይ ነው የተሰቀለው። ነፋስ አይደለም ያመጣው። ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ከተማው፣ ተለጥጦ ነው የደረቀው። ታላቁን ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእጁ አስነካሁት። «ውሃው እዚህ ድረስ ነበር?» አለኝ። እዚህ ድረስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «ውጡ!» ስል ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሦስት ሕግ አስጠኗቸው። ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል። «ውጡ» ሲባል ያለው ነገር ተጥሎ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ይወጣል። የጠፋ ልጅ አይሄድም፤ አንድ ዛፍ አቅፎ ፊሽካውን ይነፋል።

7. አካሄዱ

አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ አዋቂ ከኋላ፣ ልጆች በመሀል። ከሁሉ የሚዘገየው ልጅ ከፊተኛው አዋቂ ቀጥሎ ይሁን። እሱ ከኋላ ከቀረ ሌሎቹ ይጠብቁታል፣ ሲደርስ ደግሞ እነሱ አርፈው ይነሳሉ፤ እሱ ግን ዕረፍት የለውም። ከፊት ሲሆን ግን እርምጃው የሁሉም እርምጃ ይሆናል፣ ደግሞም መሪ የሆነ ይመስለዋል።

በየሃያው ደቂቃ ተቀመጡ፣ ሁሉም ሁለት ጉንጭ ይጠጣ።

መንገድ ላይ ልጅ የማይነካቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ቁልቋል አንዱ ነው። ሲሰበር የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል። ከነካው ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውሃ ዓይኑን እጠቡና ወደ ሕክምና ውሰዱ። ሁለተኛው የወፍ ቆሎ ነው። አበባው ልጅ ይስባል። ፍሬውን አታስበሉ፤ ያልበሰለው መርዝ አለው። ሦስተኛው እኛ ቲኒ የምንለው በለስ ነው። ፍሬው ላይ ያለችው ጸጉር የምትመስል እሾህ ከትልቁ እሾህ ትብሳለች። ትንሿ ልጄ ዞር ባልኩበት አፍታ አንዱን በመዳፏ ጨብጣው ነበር። በወረንጦ ብንለቅም አያልቅ። አያቷ ፕላስተር ቆርጠው መዳፏ ላይ እየለጠፉ ሳብ፣ እየለጠፉ ሳብ ሲያደርጉ አብዛኛው ወጣ። አታሹት፤ ሲታሽ ወደ ውስጥ ይገባል።

ዝንጀሮና ጦጣ ካገኛችሁ ምግብ አታሳዩ፣ አትወርውሩላቸውም። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ያውቃሉ። ድንጋይ ሥር እጅ አይገባም፤ እፉኝትም ጊንጥም እዚያ ነው ያለው። እባብ ቢነድፍ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አታጥብቁ። የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል።

ይህን ሁሉ ካላችሁ በኋላ ልጆቹን ልቀቋቸው። ድንጋዩ ላይ ሽኮኮ ይቆጥሩ። ሾላው ሥር የወደቀ ፍሬ ከፍተው ውስጡ ያለችውን ትንሽ ተርብ ይፈልጉ። ግድግዳውን በጣታቸው ይዳስሱ። አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ዓይነት። ይህ ድንጋይ ከባሕር ሥር የተሠራ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ በዳይኖሰሮቹ ዘመን፣ ሐረርጌ ባሕር ነበር። ታጥቦ የጠራ ድንጋይ ላይ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ የቀንድ አውጣ ወይም የዛጎል ቅርጽ ልታገኙ ትችላላችሁ። እኛ አንድ አግኝተናል። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ልጄ ምራቁን ቀብቶ አሸት አደረገውና ዝም ብሎ ብዙ አየው። እዚያው ተውነው። እናንተም ተዉት፤ ከእናንተ በኋላ ሌላ ልጅ ይመጣል።

8. ምንጩ ጋ

ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ካሉ እነሱ እስኪጨርሱ ጠብቁ። ከመቅጃው በላይ እግር አይገባም፣ እጅ አይታጠብም፣ ሳሙና ጭራሽ አይወጣም።

ውሃ ውስጥ መጫወትን በተመለከተ ቁርጡን ልናገር። በሐረርጌ ወንዞች ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ መጠጣት አያስፈልግም። የሚተላለፈው ትንንሽ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የተኛ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩሬ ውስጥ ዋና የለም። እኛ ልጆቹን የምናስነካቸው ውሃው ከድንጋዩ የሚወጣበት፣ ከዓለቱ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ራሳቸውን ከሥሩ ያደርጋሉ፣ ይጮኻሉ፣ ያ ይበቃቸዋል። ኩሬ ውስጥ የገባ ልጅ ካለ ወዲያው በሽርጥ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ከአንድ ወር ተኩል ወይም ከሁለት ወር በኋላም ሐኪም ጋ ወስዳችሁ «ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር» ብላችሁ አስመርምሩት።

መጠጫ ከቤት ያመጣችሁት ብቻ ነው። ምንጩ ቢጠራም አትጠጡ።

9. መቼ መመለስ

ከሁለቱ አንዱ ሲሆን ተመለሱ፦ የያዛችሁት ውሃ ሲጋመስ፣ ወይም ሰዓቱ 3 ሰዓት ከግማሽ ሲሆን። ምንጩ ጋ ባትደርሱም ተመለሱ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ያልቅሱ።

አሁን አንድ የሚያዝያ እሑድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። በልግ ነበር፣ እኔም ይህን አውቄ «ጠዋት ስለሆነ» ብዬ ሄድኩ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፤ አንድ ደመና አልነበረም። ልጆቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ሥር ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው እረኛ ፍየሎቹን ከሸለቆው ወለል ወደ ዳገቱ ሲነዳ አየሁ። ሣሩ ያለው ታች ነው። ለምን ወደ ላይ ይነዳቸዋል? እጁን ወደ ደንገጎ ቀስሮ «ሎላ!» አለን። በኦሮምኛ ጎርፍ ማለት ነው።

እግሬ ሥር ያለውን ውሃ አየሁ። ትንሽ ቀደም ብሎ ጠጠሩን አንድ ሁለት ብለን ቆጥረን ነበር። አሁን ጠጠሩ አይታይም። ውሃው የሻይ ቀለም ይዟል፤ የቅጠል ስባሪ በላዩ እየተንሳፈፈ ነው። ፊሽካዬን ነፋሁ። ቦርሳውን፣ ምግቡን፣ የባለቤቴን እናት ጫማ ትተን በጎን ወጣን። እሳቸውን እረኛው በእጁ ሳበልን። ከመውጣታችን ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ የጭነት መኪና ድምፅ የመሰለ ጉርምርምታ መጣ። ከዚያ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ ውሃው። ጉልበት የሚደርስ ቡናማ ውሃ ነበር፣ ግንድ ይዞ። የዝናብ ጠብታ እኛ ላይ አንዲት አልወደቀችም።

ስለዚህ ምልክቶቹን እወቋቸው፦ የጠራ ውሃ መደፍረስ፣ ቅጠልና እንጨት መምጣት፣ ጉርምርምታ፣ ድንገተኛ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ከብቱን ወደ ላይ የሚነዳ እረኛ። አንዱን ብቻ ብታዩ ውጡ። ውሃውን ለመቅደም ወደ ታች አትሩጡ፤ አትቀድሙትም። ወደ ጎን ውጡ። ዕቃ ለማንሳት አትመለሱ። የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ካለፈ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ ስለዚህ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትሻገሩ። ከወጣችሁ በኋላ እስኪጎድል ተቀመጡ። እኛ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። እረኛው ከኪሱ በቆሎ አውጥቶ ለልጆቹ አካፈላቸው።

ባጃጁም አላመለጠን። ሹፌሩ የደቻቱን ውሃ አይቶ እየፈለገን ነበር።

10. ቤት ስትገቡ

ልጆቹን አጥቡ። ስታጥቡ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ ከጉልበት ጀርባ መዥገር ፈልጉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ወደ ቆዳው አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ጋዝም እሳትም አያስፈልግም። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሸለቆ ገብታችሁ እንደነበር ተናገሩ።

ሽርጦቹን ዘፍዝፉ። ከዚያ አንድ አንድ ኩባያ ሆጃ አፍሉና እግራችሁን ዘርጉ። ጫማዎቹን በረንዳ ላይ ገልብጣችሁ አስጧቸው። ልጆቹ ማግስቱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መልሰው ከማጥለቃቸው በፊት ግን እያንዳንዱን ጫማ አንሱና ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ አራግፉት።